ሃርድ ዲስክ ሲቀየር ዊንዶውሱም ፋይሉም ሴቲንጉም እንዳለ እንዲሻገር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ 5 ዓመት ያገለገለ፣ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ላፕቶፕ አለ። ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋባይት የሚይዝ፣ የሚሽከረከረው ዓይነት ነው፤ 310 ጊጋባይቱ ተይዟል። ማሽኑ አልፎ አልፎ ለአንድ ደቂቃ ያህል ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ አንዳንዴም ከውስጡ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ምትኩ 480 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከረው ዓይነት ዲስክ፣ ተገዝቷል። የሒሳብ ፕሮግራሙ ማስጫኛ ጠፍቷል፤ ብሮውዘር ላይ የተቀመጡት ፓስወርዶችም መጥፋት የለባቸውም። ጠያቂው «ሲ ድራይቭ ላይ ያለውን ሁሉ ኮፒ አድርጌ አዲሱ ላይ ፔስት ባደርግ አይበቃም?» ይላሉ።

አይበቃም። ኮፒ ፔስት ዶክመንት፣ ፎቶና ቪዲዮ ያሻግራል፤ ዊንዶውስን ግን አያሻግርም። ዲስኩ ላይ ያለው ሲ ድራይቭ ብቻ አይደለምና። ዊንዶውስ ሲጫን ከሲ ፊት 100 ሜጋባይት የሚያህል ኢኤፍአይ የሚባል ድብቅ ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፋይ) ይፈጥራል፤ ብዙውን ጊዜ ከሲ ኋላ ደግሞ ጥቂት መቶ ሜጋባይት የሚይዝ የሪከቨሪ ፓርቲሽን ያስቀምጣል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ዊንዶውስን የሚያስነሳው ፋይል ያለው በዚያ ድብቅ ኢኤፍአይ ውስጥ ነው፤ ኮፒ ፔስት አያገኘውም። ሬጂስትሪውን ጨምሮ የፕሮግራሞችዎ ሴቲንግ የተጻፈባቸው ፋይሎችም ዊንዶውስ እየሠራ ሳለ ስለሚቆለፉ አይገለበጡም።

ፓስወርዶቹም እንደዚያው ናቸው። እንደ ክሮምና ኤጅ ያሉ ብሮውዘሮች ፓስወርድ የሚያስቀምጡት ከዊንዶውስ አካውንትዎ ጋር በታሰረ ቁልፍ አመስጥረው ነው። የብሮውዘሩን ፎልደር ገልብጠው አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ ላይ ቢያስቀምጡት ፋይሉ ይኖራል፣ ፓስወርዱ ግን አይከፈትም። ዲስኩ በሙሉ ሲገለበጥ ቁልፉም አብሮ ይሻገራል። ስለዚህ የሚያስፈልግዎ ክሎን ነው፤ ፓርቲሽኖቹን፣ የቡት መረጃውንና ፋይሎቹን ከነቦታቸው ወደ አዲሱ ዲስክ ማዛወር።

ነገር ግን ክሎን ለማድረግ አይቸኩሉ። ከጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ያ «ቀጭ» የሚለው ድምፅና የአንድ ደቂቃው መድረቅ ነው። ቀጣዩ እርምጃ ምን መሆን እንዳለበት የሚወስነው የድሮው ዲስክ ጤና ነው፤ ካቻቪቴው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የድሮውን ዲስክ ጤና ማየት

ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም፣ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚሠራውን ዓይነት፣ ያውርዱና ይክፈቱ። ከላይ በስተግራ የሚታየው ሰማያዊ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ምልክት የመጀመሪያው ፍንጭ ነው፤ እሱን ብቻ አይተው ግን አይዝጉት። ከታች ከተዘረዘሩት መስመሮች አራቱን ፈልገው በመጨረሻው ዓምድ ያለውን ቁጥር ያንብቡ።

05 የሚለው መስመር ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን (መረጃ የሚጻፍባቸውን የዲስኩን ትንንሽ ቦታዎች) ይቆጥራል። ሲ5 ዲስኩ ሊያነባቸው ሞክሮ ያቃተው፣ ገና መፍትሔ ያላገኙ ሴክተሮች ናቸው። ሲ6 ጨርሶ ሊታረሙ ያልቻሉት ናቸው። ሲ7 ደግሞ ከዲስኩ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ከኬብል ወይም ከኮኔክተር የሚመጣ የመረጃ መተላለፍ ስሕተት ነው። ፕሮግራሙ እነዚህን ቁጥሮች ሳይነካ ሲከፈት በሄክሳዴሲማል ስለሚያሳይ 10 ብሎ ከጻፈ 16 ማለቱ ነው፤ ከሜኑው ወደ ዴሲማል መቀየር ይቻላል።

ሲ5 ከዜሮ በላይ ከሆነ የመድረቁ ምክንያት ተገኘ ማለት ይቻላል። ዲስኩ የተበላሸ ሴክተር ሲገጥመው ወዲያው «አልቻልኩም» ብሎ አይተወውም፤ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ ይታገላል፤ እስኪተወው ድረስ ዊንዶውስ ቆሞ ይጠብቃል። ሲ7 ብቻ ከፍ ብሎ ሌሎቹ ዜሮ ከሆኑ ግን ዲስኩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ የላላ ኮኔክተርም ያንኑ ምልክት ያመጣል።

05፣ ሲ5 እና ሲ6 ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ በተለመደው መንገድ ይቀጥሉ። 05 ላይ ትንሽ ቁጥር ኖሮ ሲ5 ዜሮ ከሆነም ይቀጥሉ፤ ግን ሥራውን ለሌላ ጊዜ አያሳድሩት። ሲ5 ወይም ሲ6 ላይ ቁጥር ካለ የሚከተለውን አንቀጽ ሳያነቡ ምንም ነገር አይጀምሩ።

ዲስኩ መታመሙ ከታወቀ

በታመመ ዲስክ ላይ የመጀመሪያው ክልከላ ቼክዲስክን፣ ማለትም የዊንዶውስን የዲስክ መፈተሻ፣ ሙሉ ዲስኩን እንዲፈትሽ አድርጎ ማስኬድ ነው። ብዙ ሰው «ባድ ሴክተር ስላለ ላስተካክለው» ብሎ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ያ ፍተሻ ለሰዓታት እያንዳንዱን ሴክተር ያነባል፣ የፋይል ማውጫውንም በዚያው ዲስክ ላይ እየጻፈ ይቀይራል፤ የደከመው የማንበቢያ ጭንቅላት በዚህ መሀል ሊሞት ይችላል። ዲፍራግመንትም (የተበታተኑ ፋይሎችን መልሶ መደርደር) እንደዚያው ነው። ዲስኩ የቀረው ዕድሜ መዋል ያለበት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለውን መረጃ አውጥቶ ለመስጠት።

ቅደም ተከተሉም የሚከተለው ነው። መጀመሪያ ሊተኩ የማይችሉትን፣ ማለትም ዶክመንቶችን፣ ፎቶዎችንና የሒሳብ ፕሮግራሙን የዳታ ፋይል፣ ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ያጥፉ። ሙሉውን ዲስክ ለማዳን በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው ከተለመዱት የክሎን ፕሮግራሞች ይሻላል። እነሱ ባድ ሴክተር ሲገጥማቸው ብዙዎቹ ሥራውን ያቋርጣሉ፤ ዲዲሬስኪው ግን የሚነበበውን ሁሉ ቀድሞ ያወጣል፣ ያስቸገረውን ዘሎ በማፕ ፋይል ላይ ይመዘግባል፣ መጨረሻ ላይ ወደተዘለሉት ይመለሳል። መብራት ቢጠፋ ወይም ዲስኩ ቢቋረጥ ከማፕ ፋይሉ ላይ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ስለዚህ ማፕ ፋይሉን በሌላ ዲስክ ላይ ማስቀመጥዎን ያረጋግጡ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ዲዲሬስኪው ሴክተር በሴክተር ስለሚገለብጥ ባዶውን ቦታም ይቆጥራል። 500 ጊጋባይቱ በገዙት 480 ላይ አይገባም። ለዚህ 1 ቴራባይት የሆነ ሌላ ዲስክ ያስፈልጋል፤ በእሱ ላይ ከዳነው ቅጂ ነው በኋላ ወደ ኤስኤስዲው ክሎን የሚደረገው።

ድምፁ እኩል ምት ጠብቆ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ከሆነና ዲስኩ በባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት በሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥም አንዳንዴ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የሶፍትዌር አይደለም። መረጃው ዋጋ ካለው ያጥፉትና ከአቧራ በጸዳ ክፍል ውስጥ ዲስክ ለሚከፍቱ የዳታ ማዳን ባለሙያዎች ይስጡት። ዲስኩን ራስዎ አይክፈቱት፣ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት የሚለውን ምክርም አይስሙ፤ ውስጡ የሚፈጠረው እርጥበት ሳሕኑን ያበላሸዋል።

ከክሎኑ በፊት

ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘም ዋና ዋና ፋይሎችን በሦስተኛ ቦታ፣ ከድሮውም ከአዲሱም ውጭ በሆነ ዲስክ ላይ፣ አስቀድመው ያስቀምጡ። ክሎን ሲሠራ ሁለቱም ዲስኮች በአንድ ማሽን ላይ ናቸው፤ አንድ የተሳሳተ ክሊክ ሁለቱንም በአንዴ ሊያጠፋ ይችላል።

መጠኑ ላይ ስጋት አይግባዎ። ዊንዶውስ በራሱ አቆጣጠር 500ውን ወደ 465፣ 480ውን ወደ 447 አድርጎ ያሳያል። የእርስዎ ይዘት 310 ስለሆነ ይገባል፤ ግን ፓርቲሽኖቹን ማሳነስ የሚችል ፕሮግራም ያስፈልጋል። ነፃ የሆነው ክሎንዚላ ከነመደበኛ ምርጫው መድረሻው ከመነሻው ካነሰ አይሠራም። ሲ ድራይቭን ከዲስክ ማኔጅመንት ማሳነስ ብቻውንም አይፈታውም፤ የሪከቨሪው ፓርቲሽን በ500ው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስለሚቀር። ስለዚህ ኤስኤስዲውን የሠራው ኩባንያ የሚያቀርበውን የክሎን ፕሮግራም ይጠቀሙ። ሳምሰንግ የራሱ አለው፤ ክሩሻል፣ ኪንግስተንና ዌስተርን ዲጂታል ደግሞ ለደንበኞቻቸው አክሮኒስ ትሩ ኢሜጅን አቅርበዋል። እነዚህ በአብዛኛው የድርጅቱ ዲስክ መሰካቱን ሲያዩ በነፃ ይሠራሉ፣ ፓርቲሽኖቹንም ራሳቸው ያመጣጥናሉ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ከዩኤስቢ ወደ ሳታ (የዲስኩ መሰኪያ) የሚቀይር ኬብል አንድ፤ ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ ከዩኤስቢው በሚያገኘው ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ 3.5 ኢንች የሆነ የዴስክቶፕ ዲስክ ግን ለብቻው 12 ቮልት አዳፕተር ይፈልጋል። ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቪቴ። አዲሱ ዲስክ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር፣ የድሮው 9.5 ከሆነ ክፍተቱን የምትሞላ የፕላስቲክ ፍሬም። የላፕቶፕዎ መግጠሚያ ኤም.2 (ቀጭን ካርድ የሚመስል ኤስኤስዲ የሚገባበት) ከሆነ ሳታ ኤም.2 እና ኤንቪኤምኢ ኤም.2 የሚባሉት ሁለት ዓይነቶች በመልክ ይመሳሰላሉና ማሽኑ የትኛውን እንደሚቀበል ከማንዋሉ ያረጋግጡ፤ ሳታ ብቻ በሚቀበል ቦታ ላይ የተገጠመ ኤንቪኤምኢ አይታይም።

ቀጥሎ ቢትሎከር፣ ማለትም ዲስኩን የሚያመሰጥረው የዊንዶውስ መቆለፊያ። ብዙ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» በርቶባቸው ይመጣሉ። ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው ይመልከቱ፤ በርቶ ከሆነ መጀመሪያ ባለ 48 አሃዝ የሪከቨሪ ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ አውጥተው በወረቀት ይጻፉ፣ ከዚያ ያጥፉትና መፍታቱ እስኪያልቅ ይጠብቁ። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ይህ ብቻውን ሰዓታት ይወስዳል። ሳይፈታ ክሎን ያደረጉ ሰዎች አዲሱ ዲስክ ሲነሳ የማያውቁትን ቁልፍ ሲጠየቁ የሚደነግጡት በዚህ ምክንያት ነው።

የሒሳብ ፕሮግራሙን የላይሰንስ ቁጥር ከ«አባውት» መስኮቱ ላይ ፎቶ ያንሱ። ዊንዶውስ ራሱ በዋናነት ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዲስክ በመቀየር አክቲቬሽኑ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። አንዳንድ የንግድ ፕሮግራሞች ግን ከዲስኩ የፋብሪካ ሲሪያል ቁጥር ጋር ይታሰራሉ፤ ይህን ደግሞ ክሎን ሊገለብጠው አይችልም። ፕሮግራሙ «ዲአክቲቬት» የሚል ምርጫ ካለው ከክሎኑ በፊት ይጠቀሙበት።

ክሎኑ

ፕሮግራሞችን ሁሉ ይዝጉ፣ በተለይ የሒሳቡን። ክፍት የሆነ ዳታቤዝ በግማሽ እንደተጻፈ ሊገለበጥ ይችላል። ቻርጀሩን ይሰኩ፣ ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ ከፖወር ኦፕሽንስ ስሊፕን «ኔቨር» ያድርጉ። ኤስኤስዲውን ውስጡ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ በሆነው ዩኤስቢ 3 ላይ ይሰኩት። ዊንዶውስ አዲሱን ዲስክ ኢኒሻላይዝ ላድርግ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ለአዲሱ ችግር የለውም። ያው ጥያቄ በድሮው ዲስክ ላይ ከመጣ ግን፣ ወይም «ፎርማት ያስፈልገዋል» ካለ፣ «ካንስል» ይበሉ።

አሁን ከሥራው ሁሉ አደገኛው ቅጽበት ደርሷል፦ «ሶርስ» እና «ዴስቲኔሽን» መምረጥ። የተገለበጠ ምርጫ ባዶውን ዲስክ በሞላው ላይ ይገለብጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም። ሁለቱን ዲስኮች በመጠናቸው አይለዩ፤ 465 እና 447 ለደከመ ዓይን አንድ ናቸው። በሞዴል ስማቸው ይለዩ፦ በኤስኤስዲው ጀርባ የተጻፈውን ሞዴል ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ፕሮግራሙ «ዴስቲኔሽን» ብሎ ከሚያሳየው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ሌላ ማንኛውም ፍላሽና ውጫዊ ዲስክ ቀድሞ ይነቀል። «ስታርት» ከመጫንዎ በፊት የሚመጣው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የትኛው ዲስክ እንደሚጠፋ ይናገራል፤ ሳያነቡ አይለፉት።

310 ጊጋባይት በዩኤስቢ 3 ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይወስዳል፤ ፍጥነቱን የሚገድበው የድሮው ዲስክ ነው። በዩኤስቢ 2 ከሆነ ከ2 ሰዓት ተኩል በታች አይጠብቁ። ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ወይም የማንበብ ስሕተት ካሳየ አቁመው ወደ ሲ5 ይመለሱ፤ ደጋግሞ መሞከር የታመመውን ዲስክ ያባብሰዋል።

ክሎንዚላን የሚጠቀሙ፣ ማለትም አዲሱ ዲስካቸው እኩል ወይም የበለጠ የሆነ፣ ከፍላሽ ከማስነሳታቸው በፊት ሺፍትን ተጭነው ይዘው «ሻት ዳውን» ይበሉ። የተለመደው ማጥፋት ፋስት ስታርትአፕ ስላለበት ዊንዶውስን በከፊል እንደተኛ ይተወዋል፤ ክሎንዚላም ሲ ድራይቭ ክፍት ነው ብሎ እምቢ ሊል ይችላል።

መቀየሩ

ሙሉ በሙሉ ያጥፉ፤ ቻርጀሩን ይንቀሉ። ከኋላ ያለውን ክዳን ከፍተው ከምንም በፊት የባትሪውን ኮኔክተር ያላቁ፤ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ከመንካትዎ በፊት ያልተቀባ ብረት ይንኩ። የክዳኑ ብሎኖች ርዝመታቸው አንድ ላይሆን ይችላል፤ በወጡበት ቦታ ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ይደርድሯቸው። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ኪቦርዱን ከታች ሊወጋው ይችላል።

ዲስኩ በቀጥታ ከማዘርቦርዱ ጋር የተሰካ ከሆነ ወደ ጎን ይጎትቱት እንጂ ወደ ላይ አያንሱት። በስስ ጥብጣብ ኬብል ከሆነ ጥብጣቡን ሳይሆን ኮኔክተሩን ይያዙ፤ ትንሿ መቆለፊያ ካለች በጥፍር ብቻ ያንሷት። የዲስኩን የብረት መያዣ ወደ አዲሱ ያዛውሩ። ብዙ ሰው ይህን መያዣ «ትርፍ ነው» ብሎ ይተወዋል፤ ያኔ ዲስኩ ይላላና ከሳምንታት በኋላ የሲ7 ስሕተት ይጀምራል።

ሲነሳ

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያበሩ የድሮው ዲስክ በምንም መንገድ፣ በዩኤስቢም ቢሆን፣ እንዳልተሰካ ያረጋግጡ። ሁለቱ አንድ ዓይነት የዲስክ መለያ ሊይዙ ይችላሉ፤ ዊንዶውስ ሁለቱን አብሮ ካየ አንዱን «ኦፍላይን» ያደርገዋል፣ ወይም ግማሹን ከአንዱ ግማሹን ከሌላው ያነሳል። ከዚያ በኋላ የትኛው ላይ እየሠሩ እንደሆነ ማወቅ ይከብዳል።

«ቡት የሚሆን ዲስክ የለም» የሚል መልእክት ከመጣ ባዮስ ውስጥ ይግቡ። አዲሱ ዲስክ ይታያል? ካልታየ ኮኔክተሩ አልገባም። ከታየ የቡት ቅደም ተከተሉ ላይ «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» የሚለውን ከላይ ያድርጉት፤ ዩኢኤፍአይ ወይም ሌጋሲ የሚለው የማስነሻ ዓይነት ምርጫም ቀድሞ በነበረበት መቆየት አለበት። ያም ካልሠራ በሌላ ኮምፒውተር የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አዘጋጅተው ከእሱ ያስነሱና «ሪፔር ዩር ኮምፒውተር»፣ ቀጥሎ «ስታርትአፕ ሪፔር» ይበሉ። አንድ ጊዜ ላይበቃ ይችላል፤ እንደገና ያስኪዱት። «ኢንስቶል» የሚለውን ግን አይንኩ።

ሰማያዊ ስክሪን ላይ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ከመጣ፣ ይህ በተለይ ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ለሚሻገሩ የሚገጥም ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚጭነው የድሮውን ዲስክ ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ብቻ ስለሆነ አዲሱን አያውቀውም። በሴፍ ሞድ አንድ ጊዜ ብቻ ከተነሳ አስፈላጊውን ድራይቨር ያነቃል፣ ቀጥሎ በመደበኛው ይሠራል። በባዮስ ውስጥ ያለውን ሬድ ወይም ኤኤችሲአይ የሚል ምርጫ መቀያየርም ያንኑ ስክሪን ያመጣል፤ እንደነበረ ይተዉት።

ከተነሳ በኋላ የሒሳብ ፕሮግራሙን ከፍተው የመጨረሻዎቹን ግቤቶች ይመልከቱ፣ በብሮውዘሩ አንድ የተቀመጠ ፓስወርድ ይሞክሩ፣ ጥቂት ትልልቅ ቪዲዮዎችን እስከ መጨረሻ ያጫውቱ። «ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ» የሚለውን ከፍተው ዲስኩ «ሶሊድ ስቴት ድራይቭ» ተብሎ መጻፉን ይዩ። አሁንም «ሃርድ ዲስክ» ካለ ዊንዶውስ ትሪም (የተሰረዘው ቦታ ነፃ መሆኑን ለኤስኤስዲው የሚነግር ትእዛዝ) በመላክ ፈንታ ዲፍራግመንት ሊያደርገው ይችላል፤ ዊንሳት የሚባለውን የፍጥነት መመዘኛ በአድሚኒስትሬተር መስኮት ሙሉውን ማስኬድ ይህን ያስተካክላል። አጥፍተውት የነበረውን ቢትሎከር መልሰው ያብሩ፤ አዲስ ቁልፍ ስለሚፈጥር እሱንም ይጻፉ። ከ10 እስከ 15 በመቶ ቦታ ባዶ ይተዉ፤ ኤስኤስዲ ሲሞላ መጻፉ ይዘገያል።

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ ወደ 11 መሻገር ያስቡ ይሆናል። ያንን በዚሁ ቀን አይሥሩት። አንድ ነገር ቢበላሽ ከክሎኑ ይሁን ከአፕግሬዱ መለየት አይቻልም፤ አዲሱ ዲስክ ለ2 ሳምንት ያህል ያለ እንከን ከሠራ በኋላ ይሂዱበት።

የድሮውን ዲስክ ቀኑን ጽፈውበት ለአንድ ወር ያህል ሳይነኩት ያስቀምጡ። ወር ሙሉ የማይከፈቱ ፋይሎች አሉ፤ የወር መዝጊያ ሪፖርትዎ የጎደለው ነገር ካለ የሚያሳየው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሊሸጡት ወይም ሊሰጡት ከሆነ በዩኤስቢ ሰክተው «ኩዊክ ፎርማት» የሚለውን ምልክት አንስተው ሙሉ ፎርማት ያድርጉት። ዊንዶውስ በዚህ ጊዜ ፓርቲሽኑን በሙሉ በዜሮ ስለሚሞላው ፋይሎቹ በማዳኛ ፕሮግራም አይመለሱም፤ ፈጣኑ ፎርማት ግን ማውጫውን ብቻ ነው የሚያጠፋው።